መስከረም ሴፕቴምበር አይደለም

ከባዕድ አገር ሰው ጋራ የሚነግድ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን የቀን አቈጣጠሩንም ማወቅ ይገባዋል። ዓለም ባንክ ባለው መሥሪያ ቤታችን አንድ ጊዜ የደረሰው ጥፋት የእኔ የጸሐፊው ነው። ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ የቡናው መጫኛ የመጨረሻ ቀን «ሴፕቴምበር 10» ሲል፣ «መስከረም 10» ብዬ ተረጐምሁ። ዕለቱ ግን ጳጉሜን 5 ነበር። ቡናው ዘግይቶ ተጫነ፤ ባንኩ ሰነዱን መለሰ፤ ገዢውም ዋጋ አስቀነሰ።

እንደዚሁም የጅዳ ነጋዴ «በ3 ሰዓት እንነጋገር» ቢል በእኛ 9 ሰዓት ማለቱ ነው። ዓርብና ቅዳሜ በአገሩ ዕረፍት ስለ ሆነም፣ ዓርብ ለላኩት ደብዳቤ ከእሑድ በፊት መልስ አይጠብቁ።

ስለዚህ በውልና በደብዳቤ ሁሉ የሁለቱን አገር ቀንና ሰዓት ጐን ለጐን ይጻፉ። የወሩን ስም አይተርጕሙ፤ ቀኑን ይቍጠሩ።