ገመድ አልባ መሣሪያዎች ሥራ ሲፈቱ ባትሪ የሚቆጥቡበት ዘዴ

በሱቅና በመጋዘን የምንገለገልባቸው ገመድ አልባ የባርኮድ ማንበቢያዎችና የክፍያ መቀበያዎች ከሚሠሩበት ጊዜ ይልቅ ሥራ ፈትተው የሚቆዩበት ጊዜ ይበልጣል። ይሁን እንጂ የሬዲዮ መቀበያቸው መልእክት ሲጠባበቅ ከዋለ ባትሪው በከንቱ ያልቃል።

መፍትሔው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በወጣው፣ ዛሬ ዋይፋይ ለምንለው ግንኙነት መሠረት በሆነው ደንብ ውስጥ ይገኛል። ይኸውም መሣሪያው ከመተኛቱ በፊት ለማሠራጫው ያስታውቃል፤ ማሠራጫውም የሚመጣለትን መልእክት በአደራ ያስቀምጥለታል። ማሠራጫው እንደ ተለመደው በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል ምልክት ሲያወጣ፣ መልእክት የተቀመጠላቸውን መሣሪያዎች ቁጥር አብሮ ያሰማል። መሣሪያውም በቀጠሮው ለቅጽበት ነቅቶ ቁጥሩ ካልተጠራ ተመልሶ ይተኛል።

ጥቅሙን በምሳሌ እናስላ፦ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ መሣሪያው ሳያቋርጥ 100 ሚሊ አምፔር ቢወስድ በ20 ሰዓት ያልቃል፤ በእንቅልፉ ምክንያት አማካይ ፍጆታው ወደ 5 ቢወርድ ግን 400 ሰዓት ይቆያል።

ሆኖም እንቅልፉ በረዘመ ቁጥር መልእክቱ ይዘገያል። ስለዚህ አስመጪው በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የሰዓት ብዛት ብቻ አይቶ አይዘዝ፤ መሣሪያው ሥራ ሲፈታ ስንት ሚሊ አምፔር እንደሚወስድና በየስንት ጊዜው እንደሚነቃ ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቅ። ይህን ሳያጣራ ያስመጣ ነጋዴ፣ ዕቃው ከደንበኛ እጅ ሲመለስበት ኪሳራው የራሱ ይሆናል።