ኮምፓይለሩ ለምን ወደቀ?

የዛሬው ትምህርት የኮምፒዩተር መምህር ለሚሆኑ እጩዎች ነው። ተማሪው ፕሮግራሙን ጽፎ ለኮምፓይለሩ ሲሰጥ፣ አንዳንዴ ኮምፓይለሩ የስሕተቱን መስመር ሳይጠቁም ራሱ ድንገት ይወድቃል። እንግዲህ መምህሩ «ተሳስተሃል!» ብሎ የልጁን ሥራ ከመሰረዙ በፊት ስታኩን መመርመር ይገባዋል።

ስታክ ማለት ኮምፓይለሩ የመመለሻ ቦታውን እየደራረበ የሚመዘግብበት የሜሞሪ ክፍል ነው። ከጅጋ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ቡሬ የገባ ሰው ሲመለስ አስቀድሞ የሚያገኘው በመጨረሻ ያለፈውን ከተማ ነው። ስታክም እንዲሁ ነው፤ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። ኮምፓይለሩ በቅንፍ ውስጥ ሌላ ቅንፍ ባገኘ ቁጥር ማስታወሻ ይደርባል። ቅንፉ በሺህ ሲቆጠር ቦታው ሞልቶ ሥራው ይቋረጣል።

ቦታው በሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሜጋባይት፣ በዊንዶውስ 1 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ቢኖርም ገደቡ ካልተነሣ አያድንም።

ምን ይደረግ?

1ኛ/ የተደራረበውን ረጅም ሒሳብ ቆራርጦ መሞከር። ካለፈ ስታኩን መጠርጠር ነው።

2ኛ/ ቦታውን ማስፋት። በሊኑክስ «ዩሊሚት -ኤስ 65536» ሲባል 64 ሜጋባይት ይሆናል፤ የሚያገለግለው ግን በዚያው ተርሚናል ብቻ ነው። ለጃቫ ኮምፓይለር «-ጄ-ኤክስኤስኤስ64ኤም» ይጻፋል።

3ኛ/ ሰፍቶም ከወደቀ፣ ኮምፓይለሩ ያለማቋረጥ ራሱን እየጠራ ሊሆን ይችላል። ይህ የራሱ የኮምፓይለሩ እንከን ነውና ማስፋት አይፈውሰውም።

ጥያቄ፦ አንድ ተማሪ 5000 ቃላትን በመደመር ምልክት አያይዞ ኮምፓይለሩ ቢወድቅበት ምን ትመክሩታላችሁ? ተወያዩበት።