ሚያዝያ 27 በታሪክ እና የአያቴ የልደት ቀን

በ2017 ዓ.ም. ሜይ 5 ቀን ጠዋት ወደ ክፍል ስገባ በኮሌጃችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሦስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ተለጥፈው አየሁ። አንዱ የሲንኮ ደ ማዮ ድግስ ጥሪ ነው። ሁለተኛው ስለ ዓለም የእጅ ንጽሕና ቀን ነው። ሦስተኛው ስለ ዓለም አዋላጆች ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ አያቴ ደውላ አራተኛውን ጨመረችልኝ፦ «ዛሬ እኮ ሚያዝያ 27 ነው፤ የጃንሆይም የእኔም ቀን!»

አራት ነገር በአንድ ቀን እንዴት ተገናኘ? አጋጣሚ ነው? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ጉጉት ብቻ አይደለም። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይኸው ቀን አያቴን ሆስፒታል ውስጥ ችግር ላይ ጥሏት ነበር።

የአያቴ ሁለት ልደት

አያቴ የተወለደችው ሸዋ ገጠር ውስጥ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት አልነበራትም። እናቷ የነገረቻት «ጃንሆይ በገቡ ሰሞን ነው የተወለድሽው» ብላ ነው። በኋላ መታወቂያ ሲያስፈልጋት ዘመዶቿ ተሰብስበው፣ በዚያ ሰሞን ሁሉም የሚያውቀውን ቀን ሰጧት፦ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። ሚያዝያ ስምንተኛ ወር ስለሆነ ወረቀቱ ላይ 27/8/1933 ተብሎ ተጻፈ።

ወደ አሜሪካ ስትመጣ ፎርም የሞላላት ሰው ቁጥሩን እንዳለ ወሰደው። ኦገስት 27 ቀን 1933 ሆነ። ትክክለኛው ግን ሜይ 5 ቀን 1941 ነው። በአንድ የብዕር ምት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀች።

ሆስፒታል በገባች ጊዜ ነርሷ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ስምና የልደት ቀን ጠየቀቻት። ይህ እኛም በመጀመሪያው ሴሚስተር የተማርነው ነው፦ ታካሚው የሚናገረው በእጁ ላይ ከታሰረው መለያ ጋር ካልተመሳሰለ መድኃኒት አይሰጥም። አያቴ «ሚያዝያ 27፣ 1933» አለች። አስተርጓሚው በትክክል ቀይሮ «ሜይ 5፣ 1941» አለ። መለያው ላይ ያለው ሌላ ነው። ነርሷ ቆመች፤ መቆሟም ትክክል ነበር። ቀጥላ «አሁን ዓመቱ ስንት ነው?» ስትላት አያቴ «2017» ብላ መለሰች። ነርሷ የጠበቀችው 2025 ነው።

እኔ ስደርስ መዝገቡ ላይ «ግራ መጋባት ይታይባታል» የሚል ተጽፏል። ዕለቱን፣ ወሩን፣ ዓመቱን አንድም ሳትስት የተናገረች ሴት የማስታወስ ችግር እንዳለባት ተቆጠረች። ጉዳዩን ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ መድኃኒቱም እስከዚያ ዘገየ።

1928 እና 1933፦ አንድ ቀን፣ ሁለት መግቢያ

አያቴ የተዋሰችው ቀን ተራ ቀን አይደለም። የማይጨው ጦርነት በመጋቢት 1928 በሽንፈት ካበቃ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማዋ ለጥቂት ቀናት ያለ ጠባቂ ቀረች፤ ዘረፋና ቃጠሎ ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. (ሜይ 5፣ 1936 እ.ኤ.አ.) የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሙሶሊኒም በዚያው ምሽት ሮም ላይ ጦርነቱ አበቃ ብሎ አወጀ።

ለአርበኞች ግን አላበቃም። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ በሌሎችም ቦታዎች ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙዎች አምስት ዓመት ተዋጉ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበሩን ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ከዚያም በጎጃም በኩል ተጓዙ። ከደቡብ የመጣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ የገባው መጋቢት 28 (ኤፕሪል 6፣ 1941) ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በእንጦጦ በኩል የገቡት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ጣሊያን በገባበት በአምስተኛ ዓመቱ ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ አዛዦች ቶሎ እንዲገቡ አልፈለጉም ነበርና ነገሩ ዘገየ፤ በመጨረሻ የተያዘው ዕለት ግን ትርጉም ያለው ዕለት ሆነ። የውርደቱ ቀን የድል ቀን ተባለ። በዕለቱ ባደረጉት ንግግርም ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አሳሰቡ። ጦርነቱ እንኳ ገና አላለቀም ነበር፤ ጎንደር ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

ቀን እንደሚመረጥ ሌላም ማስረጃ አለ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የድሉን በዓል ከንጉሡ መግቢያ አንሥቶ ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ከደርግ በኋላ ተመልሶ ሚያዝያ 27 ሆነ። (ደርግ አብዝቶ ያከበረው ካርል ማርክስ የተወለደው ሜይ 5 መሆኑ ደግሞ ያስቃል።) አዲስ አበባ የምትሄዱ ሰዎች አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 አደባባይን ሐውልት፣ ስድስት ኪሎ ላይ ደግሞ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትን ታያላችሁ። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ቀኖች ቆመዋል።

በሌሎች አገሮች ያው ቀን

ሲንኮ ደ ማዮ ብዙዎቻችን እንደምናስበው የሜክሲኮ የነጻነት ቀን አይደለም፤ እሱ ሴፕቴምበር 16 ነው። ሜይ 5 ቀን 1862 በጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ የሚመራ የሜክሲኮ ጦር ፑዌብላ ከተማ ላይ የፈረንሳይን ጦር ያሸነፈበት ነው። በዓመቱ ፈረንሳዮች ተመልሰው ከተማዋን ያዙ። ድሉ ግን ከነትዝታው ቀረ። ስለ ዐድዋ ሲወራ ላደገ ሰው ይህ ስሜት እንግዳ አይደለም።

ኔዘርላንድስ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ሜይ 5ን የምታውቁት በነጻነት ቀንነቱ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. በዚህ ዕለት ቫኸኒንገን ከተማ ላይ በዚያ አገር የነበረው የጀርመን ጦር ስለ እጅ መስጠቱ ድርድር ተደርጓል። ዴንማርክም ነጻ የወጣችው በዚሁ ዕለት ነው። ደቾች ሜይ 4 ማታ ሙታናቸውን በጸጥታ አስበው በማግሥቱ ይደሰታሉ። የእኛም ሚያዝያ 27 ሐዘንና ደስታ ያለበት ቀን ስለሆነ ይህ ልማድ ደስ ይለኛል።

የሙያዬ ሁለቱ ቀኖችስ? የእጅ ንጽሕና ቀን በዓለም ጤና ድርጅት የተመረጠ ነው፤ አምስተኛው ወር፣ አምስተኛው ቀን፣ እንደ እጅ ጣቶቻችን። እጅ የሚታጠብባቸው ወቅቶችም አምስት ናቸው፦ ታካሚን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ከነካ በኋላ፣ ታካሚን ከነኩ በኋላ፣ በታካሚው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ። የአዋላጆች ቀን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይከበራል። አያቴን ያዋለደቻት የሰፈር አዋላጅ ብትሰማ ምን ትል ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ ቀኑን ጽፋ ባትይዝም ሰሞኑን ታውቀው ነበር።

እውነት አንድ ቀን ናቸው?

ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ያለምንም መዝለል ጳጉሜንን 6 ያደርጋል። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን እንደ 1900 ባሉ ዓመታት ፌብሩዋሪ 29ን ይዘልላል። ስለዚህ ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረው ልዩነት በአንድ ቀን ያንሳል።

የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በጎርጎርዮስ ማርች 1፣ 1896 ነበር። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። በዚሁ ስሌት የፑዌብላ ጦርነት ሜይ 5 ቢሆንም፣ ያን ዕለት ጎንደር ላይ የነበረ ደብተራ ቢጠየቅ «ሚያዝያ 28 ቀን 1854 ዓ.ም.» ነበር የሚለው። ስለዚህ የ1928 እና የ1933 መግቢያዎች በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ቀን ላይ ናቸው። ፑዌብላ ግን ከእነሱ ጋር የሚገናኘው በፈረንጁ ብቻ ነው። በ2100 እ.ኤ.አ. ደግሞ ልዩነቱ እንደገና በአንድ ቀን ይሰፋና ሚያዝያ 27 ሜይ 6 ላይ ይውላል።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በየወሩ 27 መድኃኔ ዓለም ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ፋሲካም በሚያዝያ 27 ውሏል። ይህኛው ማንም ያልመረጠው የባሕረ ሐሳብ ስሌት ውጤት ነው።

እንዴት እንቀይር?

ለዘመናችን ሰው የልደት ቀን የሚከተለውን ያዙ። የየወሩ 1ኛ ቀን በፈረንጁ፦

መስከረም፦ ሴፕቴምበር 11
ጥቅምት፦ ኦክቶበር 11
ኅዳር፦ ኖቬምበር 10
ታኅሣሥ፦ ዲሴምበር 10
ጥር፦ ጃንዋሪ 9
የካቲት፦ ፌብሩዋሪ 8
መጋቢት፦ ማርች 10
ሚያዝያ፦ ኤፕሪል 9
ግንቦት፦ ሜይ 9
ሰኔ፦ ጁን 8
ሐምሌ፦ ጁላይ 8
ነሐሴ፦ ኦገስት 7
ጳጉሜን፦ ሴፕቴምበር 6

ዓመቱ ላይ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ 8 ይደመራል። በዘመነ ዮሐንስ (ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል) ከመስከረም 1 እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ አንድ ቀን ጨምሩ። ሚያዝያ 27፦ ኤፕሪል 9 ላይ 26 ቀን ስትጨምሩ ሜይ 5 ይመጣል። 1933 ሲደመር 8፣ 1941።

ቤት ስትሄዱ

የተሳሳተ ዕድሜ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። የኩላሊት ሥራ ከደም ምርመራ ሲገመት ዕድሜ በቀመሩ ውስጥ ይገባል፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ግምቱ ይቀንሳል፤ አንዳንድ መድኃኒትም በዚያ ግምት ይመጠናል። የካንሰር ቅድመ ምርመራ ጥሪም የዕድሜ ጣሪያ አለው። አሜሪካ ውስጥ የትልቁ አንጀት ምርመራ ለሁሉም የሚመከረው እስከ 75 ዓመት ነው። እናታችሁ 70 ሆና መዝገቧ 78 ካለ ማንም ላይጠራት ይችላል።

ስለዚህ ወላጆቻችሁንና አያቶቻችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ልደታቸው በየትኛው አቆጣጠር ነው? ማን ጻፈው? የአሁኑ መታወቂያቸው ላይ ያለው ቀን ከዚያ ጋር ይገጥማል? የማይገጥም ከሆነ ማረሚያው ረጅም ሊሆን ስለሚችል፣ እስከዚያው መታወቂያው ላይ ያለውን ቀን በወረቀት ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይያዙ። ለሐኪማቸውም ትክክለኛ ዕድሜያቸውን ንገሩ። ሆስፒታል ስትሸኟቸው ደግሞ ነርሷን አስቀድማችሁ «ዓመቱን ከጠየቅሻት በኢትዮጵያ ልትነግርሽ ትችላለች» በሏት።

አያቴ አሁን ቦርሳዋ ውስጥ በእጄ የጻፍኩላት ወረቀት አለ። በአንድ በኩል ኦገስት 27፣ 1933፤ በሌላው በኩል ሚያዝያ 27፣ 1933። የመጀመሪያውን ለሐኪም ቤት አለችው። ሁለተኛውን ደግሞ «ይህ ለእኔ ነው» አለች።