ሕዋስና ማደሪያው፤ ለቆዳ ነጋዴዎች የሚጠቅም ትምህርት

በአሰላና በአርሲ ደጋ የበግና የከብት ቆዳ የሚገዛ ነጋዴ የሚመለከተው ስፋቱን፥ ውፍረቱንና ቢላዋ ያልጐዳው መሆኑን ነው። ሊቃውንት ግን ከዚህ አልፈው ይመረምሩታል። ቆዳን የሚያጠነክረው ኮላጅን የተባለ ክር መሰል ነገር ሲሆን፥ በሰውም ሆነ በእንስሳ ገላ ውስጥ ሕዋሳት ተጣብቀው የሚኖሩት በእርሱ ላይ ነው።

ማደሪያው የሕዋሱን ጠባይ እንደሚለውጥ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት አስረድተዋል። ጥንካሬያቸው የተለያየ ዝልግልግ ንጣፎችን በኮላጅን ቀብተው አንድ ዐይነት የመቅኒ ሕዋሳት አኖሩባቸው። እንደ አንጐል በለሰለሰው ላይ ያሉት ወደ ነርቭ፥ እንደ ጡንቻ በጠነከረው ላይ ያሉት ወደ ጡንቻ፥ ከዚያም በጠጠረው ላይ ያሉት ወደ ዐጥንት ጠባይ አዘነበሉ።

ዛሬም ከከብት ቆዳ የተጣራ ኮላጅን ለሐኪሞች የደም ማቆሚያና የቁስል መሸፈኛ ይሆናል። ለዚህ የሚፈለገው ቆዳ ግን የእንስሳው ምንጭና ጤንነት በጽሑፍ የታወቀ መሆን አለበት።

ይህ ሕግ በመጋዘናችንም ይሠራል። ባክቴሪያም ሕዋስ ነውና ርጥብና ሞቃት ቆዳ ይመቸዋል፤ ጨው ግን ውኃውን መጥጦ ማደሪያውን ይነሣዋል። ስለዚህ ቆዳው እንደ ተገፈፈ ሳይዘገዩ ጨው መነስነስና ምንጩን በደብተር መመዝገብ የነጋዴውን ገንዘብ ከጥፋት ይጠብቃል።