በሥራው መካከል ስለሚቆም የልብስ ማድረቂያ መኪና

የክረምቱ ዝናም በበረታ ጊዜ በገመድ ላይ የተሰቀለ ልብስ ሦስትና አራት ቀን ሳይደርቅ ይሰነብታል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሰዎች፤ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤቶች፤ ክሊኒኮችና በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች የኤሌክትሪክ ማድረቂያ መኪና ይፈልጋሉ፤ ነጋዴውም ይህንኑ ፍላጎት ተመልክቶ ዕቃውን ያስመጣል። ሽያጩ መልካም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከሽያጩ በኋላ፤ ገዢው ስልክ አንሥቶ «የሸጣችሁልኝ መኪና መካከል ላይ ይቆማል» ያለ እንደ ሆነ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ አስመጪ ንግድ ቤት ጸሓፊ ሆኜ ስለምሠራ አቤቱታውን ከሁሉ አስቀድሜ የምሰማ እኔ ነኝ። መካኒክ አይደለሁም። ዳሩ ግን የዋስትናውን መዝገብ ለብዙ ዓመታት ስለ ያዝሁ፤ ተበላሽቷል ተብሎ ከተመለሰው ዕቃ ብዙው በእውነት የተበላሸ እንዳልነበረ ለመረዳት ችያለሁ።

በአንድ ክረምት የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ወይዘሮ ከእኛ የገዙት መኪና በሃያ ደቂቃ ውስጥ እየቆመ አስቸገራቸው። ባለሙያችን ሄዶ አየና ጥፋቱ የመቈጣጠሪያው ካርድ ነው ብሎ ፈረደ። ካርዱ ከውጭ አገር እስኪመጣ አምስት ሳምንት አለፈ፤ ዋጋውን፤ ማጓጓዣውንና ቀረጡን የቻለው ንግድ ቤቱ ነበር። አዲሱ ካርድ በገባ በሁለተኛው ቀን መኪናው እንደ ገና ቆመ። ወይዘሮዋም በስልክ «ልጄ፤ እኔ ካርድ የምትሉትን አላውቅም፤ የእንግዶቼ አንሶላ ግን እርጥብ ነው» አሉኝ። በዚህ ጊዜ አሠሪዬ ራሳቸው ለማየት ተነሡና አብሬያቸው ሄድሁ። መኪናው ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ዕቃ ቤት፤ ጀርባው ከግድግዳ ተጣብቆ፤ በር ተዘግቶበት ቆሟል። ኮረንቲ የሚያገኘውም ለቴሌቪዥን በሚሆን ቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ሲሆን፤ የገመዱ ትርፍ ተጠቅልሎ ከመኪናው ኋላ ተቀምጦ በእጅ ሲነኩት ያቃጥል ነበር። የፊተኛው ካርድ ምንም አልነበረበትም። አሠሪዬ በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ቢሮ ከደረስን በኋላ ግን «ከዛሬ ጀምሮ ሳይጠየቅ ዕቃ አይፈታም» አሉ።

ምን እንደሚጠየቅ ለማወቅ በቅድሚያ የመኪናውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት በርሜሉን ያዞራል። አየር በማሞቂያው ላይ አልፎ ይግልና በእርጥቡ ልብስ መካከል ይነፍሳል፤ ከዚያም እርጥበቱንና የልብሱን ብናኝ ይዞ ወደ ወንፊቱ ይደርሳል። ከወንፊቱ ወዲያ መኪናው እንደ ዓይነቱ ይለያያል። አንደኛው ዓይነት እርጥቡን አየር በቱቦ ከቤት ያስወጣል። ሁለተኛው እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ውሃ ያደርግና በማጠራቀሚያ ሣጥን ያስቀምጠዋል። ሦስተኛው ሄት ፓምፕ የሚባለው እንደ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ያለው ሲሆን፤ ዋጋው ከፍ ቢልም የሚበላው ኮረንቲ ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ነው። በሦስቱም ዓይነቶች አየሩ በአንድ ቦታ ከታፈነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ያን ጊዜ ቴርሞስታቱ ማሞቂያውን ያጠፋል፤ በሞተሩ ውስጥ ያለው መከላከያም ሞተሩን ያቆማል። እንግዲህ ገዢው ብልሽት ብሎ የሚጠራው መቆም ብዙውን ጊዜ መኪናው ራሱንና ቤቱን ከቃጠሎ የጠበቀበት ሥራ ነው።

ስለዚህ ደንበኛው ሲደውል መጀመሪያ የሚጠየቀው «መኪናው በቆመ ጊዜ መብራቱ በርቷል ወይስ ጠፍቷል?» የሚለው ነው። መብራቱ ከጠፋ ነገሩ የኮረንቲ ነው፤ ስፒናው፤ ሶኬቱ፤ ፊውዙ ይመረመራል፤ በሰፈሩ መብራት ሄዶ ተመልሶ እንደ ሆነም ይጠየቃል። ብዙዎቹ መኪናዎች መብራት ሲመለስ በራሳቸው አይነሡም፤ የማስነሻውን ቁልፍ እንደ ገና መጫን ግድ ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ በመመለሱ ብቻ ጧት «ተበላሸ» የተባለ መኪና በመዝገቤ ውስጥ አለ።

መብራቱ በርቶ ከቆመ ሁለተኛው ጥያቄ፤ መኪናው ወዲያው ይነሣል ወይስ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚነሣው የሚለው ነው። ሲቀዘቅዝ የሚነሣ መኪና መጋሉን በራሱ አፍ ተናገረ ማለት ነው። ወንፊቱ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ መጠረግ አለበት። የልብስ ማለስለሻ በብዛት በሚጠቀም ቤት ደግሞ መጥረግ ብቻውን አይበቃም፤ ማለስለሻው በወንፊቱ ላይ ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃልና። ይህን ለማወቅ ወንፊቱን አውጥቶ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ውሃው ሳያልፍ በላዩ ከቆመ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። የአየር መውጫ ቱቦ ያለው መኪና ቱቦው እንዳልታጠፈና በውጭው አፍ ወፍ ጎጆ እንዳልሠራበት ይታያል፤ ውሃ የሚያጠራቅመውም የማቀዝቀዣው ክፍል ብናኝ እንዳይዘው ይጸዳል።

መኪናው ሥራዬን ፈጽሜያለሁ የሚል ምልክት አሳይቶ ልብሱ እርጥብ ቢገኝ ነገሩ ሌላ ነው። በብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች በርሜል አጠገብ ሁለት የብረት ዘንጎች አሉ፤ እርጥብ ልብስ ሲነካቸው ኮረንቲው በመካከላቸው ስለሚያልፍ እርጥበቱን የሚለዩት በእነዚሁ ነው። ዘንጎቹ በማለስለሻ ወይም በውሃው ጨው ከተሸፈኑ ልብሱ የደረቀ ይመስላቸዋል። በጨርቅና በጥቂት አቼቶ ቢወለወሉ ይድናሉ። ሁለት ሸሚዝ ብቻ ማስገባትም እንዲሁ ያታልላቸዋል። የውሃ ሣጥን ሥዕል የበራ እንደ ሆነ ግን ሣጥኑን መድፋት ነው፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር ለባለሙያ የታክሲ ኪራይ ሲያስወጣ ያየሁ እኔ ነኝ።

በሩን በእጅ ገፋ ሲያደርጉት የሚነሣና የሚቆም መኪና የበሩ መቆለፊያ ስዊች አልቆበታል። ድምፅ እያሰማ በርሜሉ የማይዞር ከሆነ ቺንጋው ተበጥሷል፤ ወይም ሞተሩን የሚያስነሣው ካፓሲተር ደክሟል፤ ወይም በርሜሉ የሚንከባለልባቸው ጎማዎች አልቀዋል። እነዚህ ለባለሙያ የሚተዉ ናቸው። ማንም ቢሆን ክዳኑን ከመፍታቱ በፊት ስፒናውን ከሶኬቱ ይንቀል።

አሁን ነጋዴውን ይበልጥ ወደሚነካው እንምጣ። የማሞቂያ ሽቦ ያለው መኪና 2,500 ዋት ቢሆን በ220 ቮልት ከ11 አምፔር በላይ ይስባል፤ ስለዚህ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ ሽቦ ጋር በተያያዘ ሶኬት ላይ በቀጥታ ይሰካ እንጂ በማራዘሚያ ገመድ አይሠራም። የኮረንቲው ኃይል ሲወርድም ሞተሩ ይቸገራል። የሞተር ጉልበት የሚቀንሰው በቮልቱ ልክ ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ነው፤ ከ220 ወደ 180 የወረደ እንደ ሆነ የቀረው ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። የከፍታውም ነገር አለ። የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ዓለም አቀፍ ደንብ ዕቃው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ ያስባል፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይሸከምም፤ በባሕር ዳርቻ ከተማ የማይታወቅ መጋል በእኛ ዘንድ የሚታየው በዚህም ጭምር ነው። ስለዚህ በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ መኪናው የሚሠራበትን ከፍታ ጽፎ መጠየቅ አይከፋም።

ከአሜሪካ በዘመድ አማካይነት ስለሚመጣው መኪና ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ምክሬ አጭር ነው፤ አታምጡት። በዚያ አገር ማሞቂያው በ240 ቮልት ሲሠራ ሞተሩ የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው። በእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ላይ በስሕተት የተገናኘ ሞተር ይቃጠላል። ወደ 110 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቢገዛለትም ማሞቂያው ከጉልበቱ ሩብ እንኳ አያገኝም፤ ሞተሩም በ50 ኸርዝ ቀስ እያለ ይዞራል። ኸርዙን ትራንስፎርመር አይለውጠውም።

ከሁሉ የከፋው ጥገና የሙቀት ፊውዙን በሽቦ ማገናኘት ነው። ይህ ትንሽ ዕቃ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ አንድ ጊዜ ተበጥሶ የሚቀር ነው፤ ተመልሶ አይሠራም። ምትኩ በሱቅ ሲጠፋ አንዳንድ ሠራተኛ በቁራጭ ሽቦ ያገናኘዋል፤ መኪናውም ይነሣል፤ ደንበኛውም ያመሰግናል። ከዚያ በኋላ ግን በተጠራቀመው ብናኝና በእሳት መካከል የሚቆም ነገር የለም። የአሜሪካ መንግሥት የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 በነበሩት ዓመታት በመኖሪያ ቤቶች በየዓመቱ 2,900 ያህል የማድረቂያ መኪና ቃጠሎ እንደ ደረሰ ገምቶ፤ ዋነኛው ምክንያት አለማጽዳት መሆኑን ገልጧል፤ ይኸውም ከመቶ 34 እጅ ነው። ስለዚህ ማንኛውም አስመጪ ከመኪናው ጋር የሙቀት ፊውዝ፤ ቺንጋና የበር ስዊች በፕሮፎርማው ላይ አስገብቶ አብሮ ቢያስመጣ፤ ቁራጭ ሽቦ ሥራ ያጣል።

አሮጌ መኪና ከአውሮፓ በኮንቴይነር ለሚያስመጡ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በለንደን ሼፐርድስ ቡሽ በሚባለው ሰፈር በአንድ ፎቅ ላይ የተነሣው ቃጠሎ መነሻው ማድረቂያ መኪና ነበር። ዊርልፑል የተባለው ኩባንያ በብናኝ ምክንያት እሳት ሊያስነሡ ይችላሉ የተባሉትን መኪናዎቹን እ.ኤ.አ. በ2019 በብሪታንያ ከገበያና ከቤት እንዲሰበሰቡ አድርጓል። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው የሞዴሉን ቍጥር ከመኪናው በር ጫፍ ወይም ከጀርባው ላይ ገልብጦ፤ ሞዴሉ ከተሰበሰቡት አለመሆኑን ከሻጩ በጽሑፍ ይቀበል።

ስለ ጉምሩክ አንድ ነገር ልጨምር። ደረቁን ልብስ ከ10 ኪሎ የማይበልጥ የሚይዝ ማድረቂያ በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ በ8451.21 ሥር ይገባል፤ ከዚያ የሚበልጠው በ8451.29 ነው። የሚያጥብም የሚያደርቅም መኪና ግን ከማጠቢያዎቹ ጋር በ8450 ይመደባል። ሁለቱን በአንድ መሥመር የጻፈ ዲክላራሲዮን ዕቃውን በመጋዘን ያሰነብታል።

በእኛ ንግድ ቤት አሁን ከዋስትናው ወረቀት ጋር አንድ ገጽ መጠይቅ ይሰጣል፤ መብራቱ፤ የቆመበት ደቂቃ፤ የልብሱ እርጥበት፤ ሶኬቱና የተቀመጠበት ቦታ የሚሞሉበት ነው። ገዢው በስልክ ሲመልስልኝ እኔ እሞላለሁ፤ ባለሙያውም ወረቀቱን ሳያነብ ካቻቪቴ አያነሣም። ወይዘሮዋ መኪናቸውን ከደረጃው ሥር አውጥተው በመስኮት አጠገብ አኑረውታል፤ የተነሣው ካርድም በመሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።