ከሰርቦ ወደ ባሕር ወለል፦ ስለ ጎብኚዎች ባሕር ሰርጓጅ መርከብ

በሰርቦ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው ባሕርን ሳያይ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ የሚያስደንቅ አይደለም። አገሩ የቡናና የበቆሎ፣ የማርና የከብት አገር ነው፤ ጎረቤቱ ጅማም ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በሌላው ዓለም ግን ገንዘብ ያለው ጎብኚ ቲኬት ይቆርጥና ልብሱ ሳይርስ፣ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ሠላሳ ሜትር ያህል ወደ ባሕር ውስጥ ወርዶ ዓሣውንና ኮራሉን በመስኮት ተመልክቶ ይመለሳል። መርከቡ እንዴት ይወርዳል? እንዴትስ ይወጣል? በመስኮቱ የሚታየውስ ምንድን ነው? ስለ እነዚህ ነገሮች ጥቂት ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ «ወደብ የሌለው አገር ተማሪ ስለ ባሕር ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?» የሚለውን ቃል በጓደኞቻችን መካከል ደጋግሜ መስማቴ ነው።

ለዚህ ቃል የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠው ታሪክ ነው። ሕዝብን ለጉብኝት ወደ ውሃ ውስጥ ለማውረድ የተሠራው የመጀመሪያው ትልቅ ሰርጓጅ መርከብ ሥራውን የጀመረው በባሕር ሳይሆን በሐይቅ ነው፤ አገሩም ባሕር የማይነካት ስዊስ ናት። ዣክ ፒካር የተባለው የጥልቅ ውሃ መርማሪ ለመርከቡ የአባቱን የኦግዩስት ፒካርን ስም ሰጥቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በሎዛን ከተማ በተደረገው ብሔራዊ ኤግዚቢሽን ላይ በአንድ ጊዜ 40 ሰው እየጫነ ወደ ጄኔቫ ሐይቅ ውስጥ ይወርድ ነበር። በዚህ ዓይነት 33,000 ያህል ሰው ተጓጉዟል። ይኸው ፒካር ከዚያ ቀደም ብሎ በ1960 ከአሜሪካዊው ዶን ዋልሽ ጋራ «ትሪየስት» በተባለች መርከብ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ወደ 11 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት የወረደ ሰው ነው። እንግዲህ ያን ያህል ጠልቆ የወረደው ሰው የተራራ አገር ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሥራው ወደ ሞቃታማው ባሕር ተሻገረ። በካሪቢያን ባሕር በኬይማንና በባርባዶስ ደሴቶች፣ በኋላም በሃዋይ፣ «አትላንቲስ» የተባለው ድርጅት እንዲህ ያሉ መርከቦችን አሠማራ፤ ከእነርሱም መካከል 48 ሰው የሚይዙ ነበሩ። ለእኛ በቅርብ ያለው ግን ቀይ ባሕር ነው፤ በግብፅ የባሕር ዳር ከተማ በሁርጋዳ ይህ ንግድ ብዙ ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ፦ በማስታወቂያ ላይ «ሰርጓጅ» የሚባለው ሁሉ አይሰርግም። አንዳንዱ ጣራው ከውሃ በላይ ሆኖ የሚቀር፣ ሆዱ ብቻ መስታወት ያለው ጀልባ ነው። ለዓሣ ማየት ይበቃል፤ ስሙ ግን የነጋዴ ስም ነው።)

ወደ መርከቡ አሠራር እንግባ። የአርኪሜድስን ሕግ ሁላችንም ለፈተና አጥንተናል፤ ሆኖም እሸት ቡና ማጠቢያ ዘንድ የሚሠራ ሰው ፊደል ባይቆጥር እንኳ በሥራው ያውቀዋል። የተለቀመው ፍሬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደኅናው ይሰምጣል፤ ነቀዝ ያገኘው፣ ባዶ የሆነውና የደረቀው ይንሳፈፋል። ምክንያቱም በሙሉ ቢጠልቅ የሚገፋው ውሃ ከራሱ ክብደት የሚበልጥ ፍሬ ተመልሶ ስለሚወጣ ነው። ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ማለት እንግዲህ እንደ ፈለገ ደኅና ፍሬም ተንሳፋፊ ፍሬም ለመሆን የሚችል ዕቃ ነው። በጎኑ ያሉትን ጋኖች ውሃ ሲሞላቸው ይከብዳል፤ በብረት ጠርሙስ ታምቆ የተቀመጠውን አየር ለቆ ውሃውን ሲያስወጣ ይቀልላል። የጎብኚዎቹ መርከብ ብዙውን ጊዜ ጋኖቹ ሞልተውም ቢሆን ከውሃው ጥቂት እንዲቀል ይደረግና፣ በባትሪ የሚዞር ፕሮፔለር ወደ ታች እየገፋ ያወርደዋል። ባትሪው ቢደክም ወይም ፕሮፔለሩ ቢቆም መርከቡ በራሱ ወደ ላይ ይመለሳል ማለት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው።

ሁለተኛው ነገር ግፊት ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ ጆሮው እንደሚደፈን ያውቃል፤ ይህም ወደ ታች በወረድን መጠን በላያችን ያለው አየር ስለሚበዛ ነው። በጅማ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው ከመቶ 81 ያህሉ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከጅማ ተነሥቶ እስከ ባሕር ዳር የወረደ ሰው በሰውነቱ ላይ የሚጨመርበት ግፊት፣ አንድ ዋናተኛ 2 ሜትር ያህል ወደ ውሃ ሲጠልቅ ከሚያገኘው አይበልጥም። አየር እንዲህ ቀላል፣ ውሃ እንዲህ ከባድ ነው! በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፤ በ30 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕሩ ፊት ካለው አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህ በቁጥር ብቻ ሲነገር ስሜት አይሰጥምና በቡና ጆንያ እንለካው። የመርከቡ መስኮት ክብ ነው እንበል፤ ዲያሜትሩ 50 ሳንቲሜትር ይሁን። ስፋቱ 1,963 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል። በ30 ሜትር ጥልቀት የባሕር ውሃ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ ከ3 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ኀይል ያሳርፋል። ድምሩ 6,000 ኪሎ ያህል ነው። ለውጭ አገር የሚላከው ቡና በባለ 60 ኪሎ ጆንያ ስለሚሞላ፣ በዚያች በአንዲት መስኮት ላይ 100 ጆንያ ቡና ተቆልሎባታል ማለት ነው፤ ጎብኚው ግንባሩን አስደግፎ ዓሣ የሚያየው በዚህች መስኮት ነው። መስኮቱ ወፍራም አክሪሊክ፣ አካሉም እንደ በርሜል ክብ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ክብ ነገር ከየአቅጣጫው የመጣበትን ኀይል ለሁሉ አካሉ ያካፍላል፣ ጠፍጣፋ ግድግዳ ግን መካከሉ ላይ ይጎብጣል።

ውስጡ ያለው አየር በባሕሩ ፊት እንደነበረው ስለሚቆይ የጎብኚው ጆሮ አይደፈንም፤ እንደ ጠላቂ ዋናተኛም ናይትሮጅን በደሙ ውስጥ አይጠራቀምበትም። ነገር ግን አየሩ የታሸገ ነው። ተቀምጦ የሚያርፍ አንድ ሰው በሰዓት 15 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል፤ 48 ሰው ሲሆን 720 ሊትር ነው። ስለዚህ ኦክሲጅን ከጠርሙስ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃል፤ የተቃጠለው አየር ደግሞ በኖራ ዘር መድኃኒት ውስጥ እንዲያልፍ እየተደረገ ይጣራል። ኦክሲጅን ሳያልቅ እንኳ ካርቦኑ ቢበዛ ራስ ምታት፣ ቀጥሎም መፍዘዝ ያመጣል።

አደጋው ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው በመጨፍለቅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ወደ ታይታኒክ ስባሪ ስትወርድ አምስት ሰዎች ይዛ የተጨፈለቀችው «ታይታን» የምትሄደው ወደ 3,800 ሜትር ጥልቀት ነበር፤ ይህ ከጎብኚ መርከብ ጋራ የሚወዳደር ነገር አይደለም። መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን በሁርጋዳ «ሲንድባድ» የተባለው የጎብኚዎች ሰርጓጅ 45 ጎብኚዎችንና 5 ሠራተኞችን እንደ ጫነ ከባሕሩ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሰጠመ፤ 6 ሩሲያውያን ጎብኚዎች ሞቱ። ከሳይንሱ አንጻር ልናስተውለው የሚገባው ይህ ነው፦ ተራ መርከብ ከውሃ በላይ ያለው አካሉ ትልቅ መጠባበቂያ ሲሆነው፣ ሰርጓጅ መርከብ ግን አስቀድሞ ወደ መስመጥ ተቃርቦ የተመዘነ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውሃ ከ1 ቶን በላይ ይጨምርበታል፤ ጥቂት ቶን ሲጨመርበት ከላይ ያመሰገንነው «በራሱ ይወጣል» የሚለው ዘዴ ያበቃል። መውጫውም ጠባብ ነው። እንግዲህ ከመካከላችን አንዱ ዕድል አግኝቶ ቢሳፈር፣ ስለ ዓሣው ከመጠየቁ በፊት መውጫው ስንት እንደ ሆነ፣ ሲሳፈሩ በሩን የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ፣ መርከቡንም ከባለቤቱ ሌላ የመረመረው እንደ ሎይድስ ሬጅስተር ያለ መርማሪ ድርጅት መኖሩን ይጠይቅ። ታይታን እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አልነበራትም።

አሁን ወደ መስኮቱ እንቅረብ። አዲስ ጎብኚ መጀመሪያ የሚያጉረመርመው፣ በሥዕል መጽሔት ላይ ያየው ቀይና ብርቱካናማ ቀለም በመስኮቱ በኩል ጠፍቶ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ሲሆንበት ነው። ውሃ የፀሐይን ብርሃን በእኩል አያሳልፍም፤ ቀዩን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይውጠዋል፣ ብርቱካናማውና ቢጫው ይከተላሉ፣ ሰማያዊው ከሁሉ ጠልቆ ይሄዳል። ከሰርቦ የተለቀመች ደማቅ ቀይ የቡና ፍሬ በ30 ሜትር ጥልቀት ብትታይ ወደ ጥቁር የተጠጋች ግራጫ ትመስላለች። ቀለሟ ከላይዋ አልጠፋም፤ የሚያንጸባርቀው ቀይ ብርሃን ነው ያጣው። መብራት ሲበራባት ቀይነቷ ወዲያው ይመለሳል። ደግሞም ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚሰበር፣ በ4 ሜትር ርቀት ያለ ዓሣ በ3 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ስለዚህ «ይህን የሚያክል ዓሣ አየሁ» ብሎ እጁን የሚዘረጋ ጎብኚ ውሸታም አይደለም፤ ከሚናገረው ሩቡን መቀነስ ብቻ ያስፈልጋል።

ድንጋይ የሚመስለው ኮራል እንስሳ ነው። እጅግ ትንንሽ የሆኑ ብዙ እንስሳት ከባሕሩ ኖራ እየወሰዱ ቤታቸውን ይሠራሉ፤ በሥጋቸው ውስጥም በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ይኖራሉ። እነዚህ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለባለ ቤቱ ያካፍላሉ፣ ባለ ቤቱም መጠለያ ይሰጣቸዋል። በባቄላ ሥር ላይ ባሉት እብጠቶች ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከባቄላው ጋራ የሚኖሩትን ኑሮ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ውሃው በአገሩ የበጋ ልክ ላይ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ጨምሮ ለሳምንታት ቢቆይ ግን ሽርክናው ይፈርሳል፤ ዕፅዋት መሰሎቹ ይወጣሉ፣ ኮራሉ ነጭ ይሆናል፣ ሙቀቱ ካልበረደም በረኀብ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ይህ መንጣት በብዙ ውቅያኖሶች ታየ፤ ከ2023 ጀምሮም ዓለምን ያዳረሰ ሌላ መንጣት ደርሷል። የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራል ሙቀትን በመቻል የታወቀ ነው።

በኮራሉ ዙሪያ የሚታየው ዓሣ ብዙ ነው፤ በቀይ ባሕር ከ1,000 በላይ ዓይነት ይገኛል፣ ከመቶ አሥር የሚበልጠውም በሌላ ስፍራ የለም። በቀቀን ዓሣ በመንቁር መሰል ጥርሱ ኮራሉን እየቀረፈ ይበላና ኖራውን ፈጭቶ በአሸዋ መልክ ያወጣዋል፤ ትልቁ ዓይነት በዓመት በኩንታል የሚቆጠር አሸዋ ይሠራል። ቢጫና ቡናማ ሆኖ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀው ትንሽ ዓሣ በሚናደፈው በአኔሞን ክንዶች መካከል ያለ ፍርሃት ይኖራል። ከቡድኑ ትልቋ ሴት ናት፤ እርሷ ስትሞት ወንዱ ወደ ሴትነት ተለውጦ ቦታዋን ይይዛል። ለዚህ ዓሣ የሳይንስ ስም የሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1830፣ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው።

ሩፔል ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1830ዎቹ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር የተጓዘ ሰው ነው። ከ1835 ጀምሮ ያሳተመው መጽሐፍ በርእሱ ስለ አበሻ አገር እንስሳት የሚናገር ሲሆን፣ የቀይ ባሕር ዓሦችም በውስጡ ተገልጸውበታል። ከእርሱ በፊት የመጣው ጀርመናዊው ሄምፕሪክ የባሕሩን እንስሳት ሲሰበስብ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞተ። በ1962ና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ሊቃውንት በዳህላክ ደሴቶች መካከል በእንተደቢር ሰፍረው ባሕሩን መረመሩ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ዳህላክ የእርሷ ነው። የሚያሳዝነኝ ግን የወደቡ ነገር ብቻ አይደለም፤ ወደቡ በነበረበት ዘመንም የባሕሩን ሕይወት ቈጥሮ የጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የሩቅ አገር ሰው መሆኑ ነው።

ውሃ ደግሞ በደጃችን አለ። ከሰርቦ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ አሰንዳቦን አልፎ የሚታየው የግልገል ግቤ ሐይቅ በ1996 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ያቆመው ነው። የግድቡ ቁመት 40 ሜትር ነው፤ የሁርጋዳው ጎብኚ ገንዘብ ከፍሎ የሚወርደው ጥልቀት እንግዲህ ከመንገዳችን ዳር ይገኛል ማለት ነው። ሰርጓጅ መርከብ ብናስገባበት ግን በመስኮቱ የምናየው ቆሮሶውን ሳይሆን የከርሳንና የኦሞ ናዳን ቀይ አፈር ነው። ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደው ደለል የግድቡን ዕድሜ የሚያሳጥር መሆኑ በጥናት የታወቀ ነው። ይኸው ደለል ብርሃንን ይከለክላል፤ በባሕር ዳር ኮራልን የሚገድለው፣ በሐይቅም የዓሣ ምግብ የሆነውን አረንጓዴ ነገር የሚያሳንሰው በአንድ ሕግ ነው።

ይህን ለመለካት ሰርጓጅ መርከብ አያስፈልግም። 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ ይቆረጥና በአራት ተከፍሎ ሁለቱ ሩብ ነጭ፣ ሁለቱ ጥቁር ይቀባል። ከሥሩ ድንጋይ ይታሰርበታል፤ በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት ባለበት ገመድ በጀልባ ጥላ በኩል በቀስታ ይወርዳል። ከዓይን የሚጠፋበት ጥልቀት ይጻፋል፤ ሲሳብ ተመልሶ የሚታይበትም ይጻፋል፤ የሁለቱ አማካይ የውሃው የጥራት ልክ ነው። በ1865 ሴኪ የተባለ የኢጣልያ ቄስና ሊቅ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የፈተነው ዘዴ ነው፣ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ጥርጊያ መንገዱ ቅርብ ለሆነልን ለሰርቦና ለአሰንዳቦ ልጆች፣ አንድ ጊዜ በነሐሴ ጎርፉ ሲበረታ፣ አንድ ጊዜ በየካቲት ውሃው ሲረጋ፣ በእኩለ ቀን፣ በአንድ ስፍራ መለካት ይበቃል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ደመናው አብሮ ይመዝገብ።