ተልባና የልብ ጤና፦ የምርምር ውጤቶች ለመቀሌ ማዕድ ያላቸው ፋይዳ

መግቢያ

ተልባ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከጥንት ጀምሮ የሚመረት የቅባት እህል ነው። በሌሎች አገሮች ተክሉ ለቃጫም የሚፈለግ ሲሆን በኢትዮጵያ ግን በዋናነት የሚዘራው ለፍሬው ነው። በትግርኛ «እንጣጢዕ» የሚባለው ይህ እህል በመቀሌና በአካባቢዋ ተቆልቶና ተፈጭቶ በውኃ ይበጠበጣል፤ በተለይም በጾም ወራት በመጠጥ ወይም በፍትፍት መልክ ይቀርባል።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት በትግራይ የመድኃኒት አቅርቦት በእጅጉ ተስተጓጉሎ ነበር። እንደ ደም ግፊት ያሉ የዘወትር ክትትል የሚሹ ሕመሞችም የችግሩ ሰለባ ሆነዋል። ስለዚህ በቤት ያለ ምግብ ለልብ ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ ምንን ደግሞ ሊተካ እንደማይችል ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ የታተሙ ጥናቶችን መሠረት በማድረግ ጥያቄውን ይመረምራል።

የተልባ ይዘት

ከፍሬው 40 በመቶ ገደማ ዘይት ሲሆን፣ ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ የተባለ የኦሜጋ 3 ቅባት ነው። ሰውነት ይህን ቅባት በዓሣ ውስጥ ወደሚገኙት የኦሜጋ 3 ዓይነቶች የሚለውጠው በጥቂቱ ብቻ በመሆኑ ተልባ የዓሣ ዘይት አቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ተልባ ሲበጠበጥ ዝልግልግ የሚያደርገው ሟሚ ፋይበር ደግሞ በአንጀት ውስጥ የሐሞት አሲዶችን ይዞ ያስወግዳል፤ ጉበትም የጎደለውን ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይወስዳል።

የምርምር ውጤቶች

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የ28 ጥናቶች ጥምር ትንተና የተልባ ፍሬ ጎጂ የሚባለውን የኤልዲኤል ኮሌስትሮል በአማካይ በ0.16 ሚሊሞል በሊትር እንደቀነሰ አሳይቷል። ዘይቱ ብቻውን ግን ጉልህ ለውጥ አላስገኘም። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ የታተመው ጥናት የእግር ደም ቧንቧ መጥበብ ያለባቸውን 110 ሕሙማን ያካተተ ነበር። በየዕለቱ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ በተመገቡት ላይ ከ6 ወር በኋላ የላይኛው የደም ግፊት በ10፣ የታችኛው በ7 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ከንጽጽር ቡድኑ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥምር ትንተና ግን አማካዩን ቅናሽ ወደ 2 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያወርደዋል። ውጤቱ የሚጎላው ፍሬው ከ12 ሳምንት በላይ ሲወሰድ ነው።

ውይይት

«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለው ብሂል የዝግጅቱን ቅደም ተከተል ይዟል፤ ተልባ ይቆላል፣ ቀጥሎም ይወቀጣል። ሁለቱም ተግባራት ሳይንሳዊ ድጋፍ አላቸው። ያልተፈጨ ፍሬ በአብዛኛው ሳይፈጭ ከሰውነት ይወጣል፤ መቁላት ደግሞ በጥሬው ተልባ ውስጥ ያሉትን ሳያናይድ አመንጪ ውሕዶች ይቀንሳል። ሆኖም የተፈጨ ተልባ ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ በጥቂት በጥቂቱ መዘጋጀት ይኖርበታል። በብጥብጡ ላይ የሚጨመር ጨው የደም ግፊት ላለበት ሰው ጥቅሙን ሊያጠፋው ይችላል። ፋይበሩ የመድኃኒትን ስርገት ሊያዘገይ ስለሚችልም ተልባና መድኃኒት በአንድ ሰዓት ባይወሰዱ ይመረጣል።

ማጠቃለያ

ተልባ ለልብ ጤና መጠነኛ ድጋፍ ይሰጣል፤ የታዘዘ መድኃኒትን ግን አይተካም። በካናዳው ጥናት የቀረበው ተልባ በዳቦና በመሰል ምግቦች የተጋገረ እንጂ ተቆልቶ የተበጠበጠ አልነበረም። ስለዚህ በመቀሌ የሚካሄድ ጥናት ባህላዊውን አዘገጃጀት መፈተን፣ የጨውን መጠን መለካት፣ ከ12 ሳምንት በላይ መዝለቅና የንጽጽር ቡድን መያዝ ይገባዋል። በጾም ወቅት የእንስሳት ቅባት ከማዕድ ስለሚወጣ የጾሙን ውጤት ከተልባው ውጤት መለየትም የጥናቱ ቀዳሚ ፈተና ይሆናል።